መንግሥት በወደቀ ቁጥር የምንቆየው እኛ ነን

ኧረ ሰለቸን! ከኤፕሪል 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አራት ዓመት ሳይሞላ እስራኤል አምስት ጊዜ ምርጫ አካሄደች። አምስት ጊዜ ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ሄደን ተሰለፍን፤ መታወቂያ አሳይተን ፖስታ ተቀበልን፤ ከካርቶን መከለያው ጀርባ ገብተን የፓርቲ ፊደል ከታተመባቸው ወረቀቶች አንዱን አንስተን ፖስታው ውስጥ ከተትን። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚቸግራቸው ወላጆቻችን ደግሞ የሚመርጡትን ፓርቲ ፊደል ልጆቻቸው በብጣሽ ወረቀት ጽፈውላቸው፣ መልኩን አጥንተው ነው የሚሄዱት። መከለያው ጀርባ ቆመው ያንኑ ቅርጽ ከተደረደሩት ወረቀቶች መሐል እያስተያዩ ይፈልጋሉ። እንዲህ ተለፍቶበት የተሰጠ ድምፅ ነው ዓመት እንኳ ሳይቆይ ገደል የሚገባው።

ፓርቲ ከተቃዋሚው ጋር ቢጣላ ማንም አይገርመውም፤ ሥራው ነው። እኛን ያንገበገበን ውል ተፈራርመው፣ ሥልጣን ተከፋፍለው፣ ፎቶ ተነስተው አንድ ካቢኔ የገቡት ሰዎች በማግስቱ ሆድና ጀርባ መሆናቸው ነው። አንዱ የሌላውን ረቂቅ ሕግ ያግታል፤ ሌላው በአጸፋው በጀት ይይዛል። መሐል ላይ የታገተው ጉዳይ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የእኛ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ ከስሌቱ ይጀምራል። የአገሪቱ ምክር ቤት ክነሴት 120 መቀመጫ አለው። አገሪቱ ከተመሠረተች ጀምሮ አንድም ፓርቲ በምርጫ ብቻውን 61 መቀመጫ አሸንፎ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጥምር መንግሥት ነው። ክነሴት ለመግባት ደግሞ አንድ ፓርቲ ከጠቅላላው ድምፅ ቢያንስ 3.25 በመቶ ማግኘት አለበት። ከኢትዮጵያ የመጣን ቤተ እስራኤላውያን እዚህ ከተወለዱት ልጆቻችን ጋር ተደምረን ከ160 ሺህ እንበልጣለን፤ ከአገሩ ሕዝብ ግን ሁለት በመቶ እንኳ አንሞላም። የራሳችን ፓርቲ ኖሮን ደጁን ማለፍ አንችልም ማለት ነው። በትልልቆቹ ፓርቲዎች ዝርዝር ውስጥ አንድና ሁለት ሰው ማስገባት ብቻ ነው ዕድላችን። የጥምረት ውል ሲፈረም ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት የፓርቲ መሪዎች ናቸው፤ የእኛ ሰው እዚያ ወንበር የለውም።

በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ የሚጠብቁ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም ቀርተውበት ለሚኖር ሰው ይህ የፖለቲካ ትምህርት አይደለም፤ የቤቱ ጣጣ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ስልክ ይደወላል።

«መንግሥቱ ወደቀ አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ የእኛ ነገርስ?»

ለዚህ መልስ የለንም። አዲስ ምርጫ እስኪደረግ፣ አዲስ መንግሥት እስኪመሠረት፣ አዲሱ ሚኒስትር ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ፋይሉን እስኪያገላብጥ ድረስ ቆዩ ነው መልሱ። እነሱም ይቆያሉ። በዚያ መሐል ሕፃን የነበረው አድጎ ያገባል፤ ወልዶም ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰብበታል። ልጇን ሳታይ የምታርፍ እናትም አለች።

ካቢኔው በኖቬምበር 2015 ወደ 9,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲገቡ ወሰነ። ደስ አለን። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን በጀት አልተያዘለትም ተባለ። ያኔ የቤንያሚን ኔታንያሁ ጥምር መንግሥት የነበረው 61 መቀመጫ ብቻ ነው። ከራሳቸው ከሊኩድ ፓርቲ አብርሃም ንጉሤና ዴቪድ አምሳለም «ውሳኔው ካልተፈጸመ ከጥምረቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም» ብለው እምቢ አሉ። መንግሥት ድምፅ ሲያጥረው በኤፕሪል 2016፣ 1,300 ሰዎችን ለማስገባት ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ የመጀመሪያዎቹም በኦክቶበር ገቡ። ሁለቱን ሰዎች እናመሰግናለን። ግን አንድ መንግሥት ራሱ የወሰነውን ውሳኔ ለመፈጸም የግድ በራሱ አባላት መያዝ አለበት? መብት የሚገኘው አንገት ሲታነቅ ብቻ ከሆነ፣ ማነቅ የማይችል ሰው ምን ይዋጠው?

በ2020 ደግሞ ሊኩድና የቤኒ ጋንትዝ ፓርቲ ካሆል ላቫን ከሦስት ምርጫ በኋላ «የአንድነት መንግሥት» ብለው ገቡ። ከ30 በላይ ሚኒስትሮች ተሾሙ። ፕኒና ታመኖ ሻታ የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር ሆነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ሚኒስትር የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሲሆኑ አብረን ኮራን። ታዲያ ምን ሆነ? ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን በየተራ ሊይዙት ተዋውለው ነበር፤ ነገር ግን ውሉ ቀዳዳ ነበረው። መንግሥት በጀት ባለማጽደቁ ከፈረሰ ተራው ለጋንትዝ ሳይደርስ ወደ ምርጫ ይኬዳል። ስለዚህ በጀቱ ራሱ የጦር መሣሪያ ሆነ። አንዱ የሁለት ዓመት በጀት ይሁን ይላል፤ ሌላው የአንድ ዓመት ብቻ ይላል። አገር ሙሉ በኮሮና ሲታመስ መንግሥት በአሮጌው በጀት ልክ አንድ አሥራ ሁለተኛውን በየወሩ እየቆነጠረ ይተዳደር ነበር።

በዚያው ዓመት 2,000 ሰዎችን ለማስገባት ተወስኖ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዲሴምበር 3 ቀን ቤን ጉሪዮን አረፈ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ ወጥተው ተቀበሉ። ሽማግሌዎቹ ከደረጃው ወርደው መሬቱን ሳሙ፤ እኛም በየቤታችን ቴሌቪዥን ፊት አለቀስን። ከአንድ ቀን በፊት ግን ክነሴት ራሱን ለመበተን በቀረበው ረቂቅ ላይ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጥቶ አሳልፎታል። በሃያ ቀኑ፣ ዲሴምበር 23፣ በጀት ሳይጸድቅ ቀነ ገደቡ አልፎ ክነሴት ፈረሰ።

የሚቀጥለው ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በጁን 2021 ስምንት ፓርቲዎች ተሰባስበው በናፍታሊ ቤኔትና በያኢር ላፒድ መሪነት በ60 ለ59 ድምፅ መንግሥት መሠረቱ። ቀኝም፣ ግራም፣ የዓረቦች ፓርቲም ነበረበት። ማን ወደ አገር እንዲገባ የሚወስነው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በያሚና ፓርቲዋ አየለት ሻኬድ እጅ፣ የመቀበያው ሚኒስቴር በካሆል ላቫኗ ታመኖ ሻታ እጅ ገባ። ሁለቱ በእኛ ጉዳይ አለመስማማታቸው አደባባይ የወጣ ነገር ነበር። ተጎትቶ ተጎትቶ በኖቬምበር 2021 የ3,000 ሰዎች ውሳኔ ጸደቀ፤ ቀጥሎ በፍርድ ቤት ታገደ፤ እግዱ ተነስቶ በረራው የጀመረው በጁን 2022 መግቢያ ነው። ያ ወር ሳያልቅ፣ ጁን 30፣ ክነሴት ተበተነ!

ለመፍረሱ መንገዱን የከፈተው በፔሳህ በዓል እርሾ ያለበት ምግብ ሆስፒታል ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ነው። ኢዲት ሲልማን የተባሉ አንዲት የያሚና አባል በዚህ ምክንያት በኤፕሪል ጥለው ሲወጡ ጥምረቱ 60 ለ60 ቀረ። የሃይማኖት ነገር ቀላል ነው አንልም፤ አባቶቻችን ለኦሪት ሕግ ሲሉ ያዩትን መከራ እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን መንግሥት ማናጋት በሚችልበት ምክር ቤት ውስጥ፣ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ለዓመታት ጮኾ የሚሰማው ማጣቱ እንዴት አያቃጥል?

በ2022 መጨረሻ የተቋቋመው መንግሥት 64 መቀመጫ ነበረው፤ አሁንስ ይረጋጋል ብለን ነበር። ግን በጋዛው ጦርነት መሐል በጃንዋሪ 2025 የኢታማር ቤን ግቪር ፓርቲ የተኩስ አቁሙን ተቃውሞ ከጥምረቱ ወጣ፤ በማርች ተመልሶ ገባ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁን 2024 በዘጠኝ ዳኞች ሙሉ ድምፅ የየሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪዎች ለውትድርና ይመልመሉ ብሎ ከፈረደ ጀምሮ ደግሞ ሊኩድና አጥባቂ ሃይማኖተኞቹ የሃሬዲም ፓርቲዎች በሕጉ ላይ ሲጓተቱ ከረሙ። በጁላይ 2025 ከእነዚሁ አንዱ፣ የተባበሩት ቶራ ፓርቲ፣ ጥምረቱን ለቀቀ፤ ሌላው፣ ሻስም፣ ሚኒስትሮቹን አስወጣ። የእኛ ልጆች በ18 ዓመታቸው ዩኒፎርም ለብሰው ይሄዳሉ። በዚህ ጦርነት ስንቱን ቀብረናል። በእነሱ ደም ላይ የወንበር ድርድር ሲደረግ ማየት ያማል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የጥምረት ውል ሲፈረም የቀሩት ቤተሰቦች ጉዳይ ቁጥሩ፣ ቀኑና በጀቱ ተጽፎ ይግባበት። አንዴ በካቢኔ የተወሰነ ነገር፣ መንግሥት ቢወድቅም ባይወድቅም፣ በሠራተኛው እጅ መፈጸሙን ይቀጥል። በመጪው ምርጫ ድምፃችንን ፈልገው ምኩራባችንና ሰርጋችን ድረስ የሚመጡትን ተወዳዳሪዎች «ትወዱናላችሁ ወይ?» ብለን አንጠይቃቸው። «ተጣማሪያችሁ እምቢ ባላችሁ ቀን ምን ታደርጋላችሁ?» እንበላቸው። ለዚህ ጥርት ያለ መልስ የሌለው ሰው ድምፃችንን አያግኝ።