«ስንት ገዛሽው?»፦ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለ ሐበሻ ሱቅ የሚያወዳድርበትን መንገድ የሚመለከት ጥናት

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሣው ፖለቲካ ነው የሚል ሰፊ እምነት አለ። ይህ ጥናት እምነቱን አይቀበልም። ፖለቲካ ሦስተኛ ነው። ሁለተኛው ዕንቁላል ነው፤ ማለትም ደርዘኑን ማን፣ የት፣ በስንት እንደገዛው። በዘርፉ እስካሁን የተሠራው ሥራ ሁሉ የቃል ነው፤ ምሁራኑም ግኝታቸውን የሚያቀርቡት ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተናገሩ ስለሆነ ነገሩን በጽሑፍ ማስፈር የግድ ሆኗል።

ጥናቱ የሚመለከተው ከተራው ሱፐርማርኬት ራሳቸውን ለይተው ጤናን፣ ተፈጥሮንና ልዩ ጣዕምን እንሸጣለን የሚሉ አራት ሱቆችን ነው፦ ትሬደር ጆስ፣ ሆል ፉድስ፣ ማምስ እና ስፕራውትስ። ኮስትኮ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ስለሚያስፈልገው ተትቷል። የሐበሻ ሱቆችም አልተካተቱም፤ እዚያ የሚሄድ ሰው በርበሬ ገዝቶ የሦስት ቤተሰብ ወሬ ይዞ ስለሚወጣ ሂሳቡን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

መረጃው የተሰበሰበው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በክርስትና ድግስ፣ በልቅሶ ቤትና በመኪና ማቆሚያ ነው። የጽሑፍ መጠይቅ አልተበተነም፤ ፎርም የቀረበለት ሐበሻ ከመሙላቱ በፊት ጠበቃ ያማክራል። ረዳት ተመራማሪው ባለቤቴ ሲሆን ድርሻው መንዳትና ዕቃ መሸከም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መላ ምቱ አጭር ነው፦ ሱቅ ማወዳደር የሚከራከረው ነጋዴ ያጣ ሰው ክርክር ነው። ሾላ ገበያ ቃሪያ የምትገዛ ሴት ዋጋ ስትሰማ ትደነግጣለች። ድንጋጤውን ይዛ የመጣችው ከቤቷ ነው። ሻጯ «በመጣበት ነው የምሰጥሽ፣ እኔንም አያዋጣኝ» ትላለች፤ እሷም ያንን ከቤቷ ይዛ መጥታለች። ገዢዋ ጥላ ትሄዳለች፣ ትጠራለች፣ ተመልሳ ትገዛለች፣ ከዚያ «በይ መርቂልኝ» ብላ አንድ እፍኝ ታስጨምራለች። ሁለቱም አሸንፈው ይለያያሉ። ይህችው ሴት ሜሪላንድ ስትገባ ዋጋው መደርደሪያ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃታል። ካሸሯ አላወጣችውም፤ ሥራ አስኪያጁም አላወጣውም፤ ያወጣው ኦስቲን ወይም ፊኒክስ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ደግሞ ጥለውት ቢሄዱ አይጠራም። ክርክሩ ግን በውስጧ አለ። ስለዚህ ወደ ባል፣ ወደ እህት፣ ወደ ስልክ ዞረ።

ከአራቱ ትሬደር ጆስን ማስቀደም ተገቢ ነው፤ የተመሠረተው ለእኛ ነውና። ጆ ኩሎምብ የሚባል ነጋዴ የመጀመሪያውን ሱቅ በ1967 ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ሲከፍት ደንበኛው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ወስኖ ነበር፦ ብዙ የተማረና ትንሽ የሚከፈለው ሰው። ኩሎምብ ይህን ሲያስብ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ማስተርሱን ይዞ፣ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ አሰልፎ የሚጠብቀውን ወንድማችንን አያውቀውም ነበር። ልኩን ግን ወስዶለታል።

በ1979 ኩሎምብ ሱቁን ለጀርመናዊው ቴዎ አልብሬክት ሸጠ። የአልብሬክት ወንድማማቾች የእናታቸውን ሱቅ ወርሰው አልዲን ካስፋፉ በኋላ ሲጋራ እንሽጥ አንሽጥ በሚል ተለያይተው ኩባንያውን ለሁለት ተካፍለውታል ይባላል። ትሬደር ጆስ በአንደኛው ወንድም ወገን ሲሆን አሜሪካ ያለው አልዲ በሌላኛው ወገን ነው። ስለዚህ ጠዋት አልዲ ገብታ ከሰዓት በኋላ ትሬደር ጆስ የምትሄድ እናት ሳታውቀው በሁለት ወንድማማቾች ቤት መካከል ትመላለሳለች። ሽማግሌነት ግን አልተጠየቀችም።

በትሬደር ጆስ ቅናሽ የለም፣ ኩፖን የለም፣ የአባልነት ካርድ የለም፤ አብዛኛው ዕቃም የራሱን የሱቁን ስም የያዘ ስለሆነ ከሌላ ሱቅ ዕቃ ጋር አስተያይቶ መርታት አይቻልም። ለአወዳዳሪ ሰው ይህ ክፉ ወጥመድ ነው። መውጫው ሙዝ ነው። ትሬደር ጆስ ሙዝ የሚሸጠው በፍሬ ነው። ቀድሞ በከረጢት ይሸጥ ነበር። የሱቁ ሰዎች ራሳቸው እንደሚተርኩት፣ አሪዞና ውስጥ ጡረተኞች በሚበዙበት ሰፈር አንዲት አሮጊት የሙዙን ከረጢት አንሥተው አይተው መለሱት፤ ለምን ቢባሉ አራተኛውን ሙዝ እስክበላ በሕይወት ላልቆይ እችላለሁ አሉ። በማግስቱ ሙዝ በፍሬ፣ አንዱ በ19 ሳንቲም ሆነ። ከሃያ ዓመት በላይ ዋጋው አልተነቃነቀም። በጥናቱ ግምገማ እኚህ አሮጊት በአሜሪካ የችርቻሮ ታሪክ ተከራክረው የረቱ ብቸኛ ሸማች ናቸው፤ ጉልት ላይ ያደገ ሰውም የሚያከብራቸው ለዚህ ነው። በ2024 መጀመሪያ አንዱ ሙዝ 23 ሳንቲም ገባ። ዜናው በአዳራሹ የተሰማው በጸጥታ ሲሆን አንድ አባት «እዚህም ጀመራቸው» ብለዋል።

ክርክር በሌለበት ምራቂ ይኖራል ወይ የሚለውም ተመርምሯል። አለ። ካሸሩ በአበባማ የሃዋይ ሸሚዝ ቆሞ ዕቃውን እያሳለፈ «ይቺን ቀምሰሻታል? እኔ በየሳምንቱ ነው የምገዛት» ይላል፤ ለልጁም ተለጣፊ ሥዕል ይሰጠዋል። ከዚያ ደወሉ አለ። በየካሸሩ አጠገብ የመርከብ ደወል ተሰቅሏል፦ አንድ ጊዜ ሲመታ ተጨማሪ ካሸር ይከፈት፣ ሁለት ጊዜ ሲመታ ጥያቄ አለ፣ ሦስት ጊዜ ሲመታ አለቃ ይምጣ ማለት ነው። በቅርቡ ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ደወሉ በተመታ ቁጥር ሲያማትቡ ታይተዋል። ካሸሩ የሰው ባህል አክባሪ ስለሆነ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ሆል ፉድስ የሚለየው በውስጡ ስለ ዋጋ መናገር ነውር በመሆኑ ነው። በ1980 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ሱቅ ተጀምሮ በ2017 አማዞን በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ይህም ዋጋ ሳይከራከሩ እዚያ የገቡት ተራ ሸማቾች ብቻ ላለመሆናቸው ማስረጃ ነው። አሜሪካውያኑ ራሳቸው ደመወዝ በሙሉ የሚያልቅበት እያሉ በቅጽል ስም ይጠሩታል።

ወደ ዝርዝሩ እንግባ። በ2015 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ሦስት ዘንግ አስፓራገስ ከትቶ በ5.99 ዶላር መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ፎቶው ሲሰራጭ ኩባንያው በስሕተት የተዘጋጀ ነው ብሎ አነሣው። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ከተማ ተቆጣጣሪዎች ታሽገው የሚሸጡ ምግቦችን እንደገና ቢመዝኑ የተለጠፈው ክብደት ከእውነተኛው በልጦ አገኙት፤ ኩባንያው በ500,000 ዶላር ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ። አትክልት ተራ ያደገች ሴት ይህን ስትሰማ አትናደድም። ፊቷ ይፈካል። «ሚዛንሽን አስተካክይው» እያለች ያደገችበት ነገር በታላቁ ሀገርም እንደሚሠራ በመንግሥት ተመስክሮላታልና።

የሚዛን ነገር ከተነሣ የበሰለ ምግብ የሚሸጥበትን ጠረጴዛ መዝለል አይቻልም። ዶሮውም ሰላጣውም ሩዙም እዚያ የሚሸጠው በፓውንድ በአንድ ዋጋ ነው። ፈረንጁ ያማረውን ያነሣል። ሐበሻዋ መጀመሪያ ዶሮውን በማንኪያ ገልበጥ አድርጋ ታያለች፤ አጥንቱን እየለየች ነው። ድንች ውሃ ስለሚይዝ አይነካም። ስፒናች ቀላል ነው፣ ይወሰዳል። መረቅ በምንም ዓይነት። ይህ ዘዴ በየትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጥም፤ በጥናቱ ከታዩት ሴቶች ያልተካነችበት ግን አልተገኘችም።

በ2023 አማዞን በሆል ፉድስ ሱቆች ሁሉ መዳፍን ለማሽን አሳይቶ መክፈል እንደሚቻል አስታወቀ። በእኛ ዘንድ ብዙም አልተያዘም። መዳፍ ማስነበብ የጠንቋይ ቤት ሥራ ነው፤ ንስሐ አባትም አይፈቅዱም።

ማምስ የአካባቢያችን ልጅ ነው። ስኮት ናሽ የተባለው ሰው በ1987 ቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ ከእናቱ ጋራዥ ጀመረው። አትክልቱና ፍራፍሬው በሙሉ ኦርጋኒክ ነው፤ ሕፃናትን የሚያባብል የካርቱን ሥዕል ያለበት ሣጥን አይሸጥም፤ ያለቀ ባትሪም ይቀበላል። በአጭሩ ደንበኛው ገብቶ የሚፈተንበት ሱቅ ነው። የስፖንጅ ቦብ ብስኩት ለምዶ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ የደረቀ ማንጎ ይበላል። ባለቤቱ ናሽ ቀኑ ያለፈበትን ምግብ አንድ ዓመት ሙሉ እየበላ ምንም እንዳልሆነ በ2019 ጋዜጦች ጽፈውለታል። በሐበሻ ቤት ይህን ሙከራ ሳይጋበዙ የሚያካሂዱት አያት ናቸው። «ሽታው አልተለወጠም» ይላሉ፤ ጋዜጣ ግን አልመጣላቸውም።

እዚህ ላይ ፍራፍሬ ላይ ስለሚለጠፈው ቁጥር መናገር ይገባል፤ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ያለ መነጽራቸው ሱቅ የማይገቡት በእሱ ምክንያት ነው። ተራ ሙዝ ላይ 4011 ይላል። 94011 ካለ ኦርጋኒክ ነው። መምህሩ ሙዙን ወደ መብራቱ አቅርበው፣ ተለጣፊውን በአውራ ጣት አሽተው፣ «ዘጠኝ አለችው» ይላሉ፤ ከዚያ ዋጋውን አይተው ዘጠኝ ወደሌለችው ይመለሳሉ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ኦርጋኒክ ለሚለው ማኅተም ከ2002 ጀምሮ የሚሠራበት ጥብቅ ደንብ አለው። «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ጽሑፍ በተመለከተ ግን የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ መደበኛ ትርጓሜ አላወጣለትም። ስለዚህ በቁጥሯ የሚያምኑት መምህር ከሱቁ አንባቢዎች ሁሉ የሚበልጡ ናቸው፤ ባይገዙም።

ስፕራውትስ አዲስ መጤ ነው፤ በ2002 አሪዞና ተከፍቶ ወደ እኛ የመጣው በኋላ ነው። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም፤ ምስሩ ብቻ ይነሣል። እህልና ጥራጥሬ በትልልቅ ሣጥን ሆኖ ደንበኛው በማንኪያ እየዘገነ ይወስዳል። አንዲት ተጠኚ የምስር ክኩን ሣጥን ክዳን ከፍታ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ድንጋይ እንዳለው ለማየት ነው። ሠራተኛው በትሕትና ማንኪያውን አቀበላት። አመሰገነችው፣ ማንኪያውን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ ቀጠለች። ድንጋይ አልነበረውም።

የጤፉ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ከእነዚህ ሱቆች ባንዳንዶቹ መደርደሪያ ላይ ጤፍ አንድ ኪሎ በማይሞላ ከረጢት ታሽጎ ይገኛል፤ ለገንፎ ጥሩ እንደሆነም ይነገርለታል። ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ2006 ስለከለከለች እዚህ ከሚበላው ብዙው አይዳሆ የበቀለ ነው፤ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ኖሮ ሲመለስ አይዳሆ ላይ ዘራው። ሐበሻ ይህችን ከረጢት አይገዛም። ማየቱን ግን አያልፍም። አንሥቶ ዋጋዋን ያነባል፣ በአንድ ማዳበሪያ ያባዛል፣ ውጤቱን ለማያውቀው ፈረንጅ ሳይቀር ይነግራል፣ መልሶም በክብር ያስቀምጣታል። ሳይገዙ ከሱቁ ይዘውት የሚወጡት እርካታ ይህ ብቻ ነው።

በመረጃው ላይ አንድ መዛባት ታይቷል። ተጠኚዎች የገዙበትን ዋጋ ሁልጊዜ ዝቅ አድርገው ይናገራሉ፤ ደረሰኝ ሲጠየቁ ጥለውታል። ሆል ፉድስ የገዛ ሰው ደግሞ የሚናገረው ሳይጠየቅ ነው፤ «ዛሬ ቅናሽ ነበር» ይልና ከረጢቱን ያዞረዋል። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው የአልዲ ሽንኩርት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ተጠኚዋ የጓደኛዬ ታላቅ እህት በመሆናቸው ጥያቄው አልቀጠለም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ሙዝና ለውዝ ከትሬደር ጆስ፣ ምስር ከስፕራውትስ፣ ባትሪውን ለማምስ አስረክቦ እግረ መንገድ ዕንቁላል፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል ያለው ሆል ፉድስ ገብቶ ምንም ሳይገዙ አንድ ዙር፤ መንገዱ በቤልትዌይ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። በዚህ አካሄድ በአንድ ሙዝ ላይ ብቻ የሚተርፈው ሳንቲም ቀላል አይደለም። የነዳጁም ወጪ በስሌቱ ይግባ የሚል ሐሳብ ከረዳት ተመራማሪው ቀርቧል። ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።