የጣት ቀብር

ውርጌሳ ላይ መታመም ማለት እንግዳ መቀበል ማለት ነው። አጎቴ በስኳር በሽታ ሰበብ የአንድ እግሩን አውራ ጣት አስቆርጦ ከሆስፒታል በተመለሰ ማግስት፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለችው ቤቱ እስከ ደጃፏ ሞላች። አንዱ «አላህ ያሽርህ»፣ ሌላው «እግዜር ይማርህ»፣ ሁሉም «አብሽር» እያለ ይገባል። ባዶ እጁን የመጣ ግን የለም። የስኳር ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣው ሰው የያዘውን ልቁጠርላችሁ፦ አራት ፌስታል ብርቱካን፣ ሁለት ፌስታል ማንጎ፣ የታሸገ ጭማቂ፣ ማልታ፤ አንዷ ጎረቤት ደግሞ አንድ ኪሎ ስኳር።

አጎቴ ስኳሩን አየት አደረገና «ይቺ ለቀሩት ዘጠኙ ጣቶቼ ናት?» አለ።

ቤቱ ጭጭ። አክስቴ «ኧረ አንተ! እንዲህ አይባልም!» ብላ ተቆጣች።

ወዲያው አንድ ጠያቂ ወሬውን ተቀበለ። «የኔ አማችም እኮ ከጣት ነው የጀመረው። ኋላ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወጣ፤ ኋላ ጉልበቱን፤ ኋላማ...» ሰውየውን ደረጃ በደረጃ ቆራርጦ፣ ከፍኖ፣ ቀብሮ፣ አፈሩን አልብሶ ሲያበቃ ወደ አጎቴ ዞሮ «አንተ ግን አብሽር» አለው። ይሄን «አይባልም» ያለው የለም። ታማሚ በራሱ ሲቀልድ ነውር፣ ጤነኛ ሲያሟርትበት ማጽናናት!

ከሰዓት የቅሬው (የዕድራችን) ዳኛ መጡ። አጎቴ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ሸህዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለቅሬው ከፍያለሁ። አሁን አንድ ጣት ቀብሬያለሁ፤ የድርሻዋ አይሰጠኝም?» አላቸው። ሸህዬ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ስለ ከፊል ቀብር ደንቡ ላይ የተጻፈ የለም። ለስብሰባ እናቅርበው» አሉ። እየቀለዱ ይሁን ከምራቸው እስካሁን አልታወቀም።

ማታ ለአክስቴ ስለ አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ቲግ ኖታሮ ነገርኳት። በፈረንጆቹ 2012 የጡት ካንሰር እንዳለባት በተነገራት በቀናት ውስጥ ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ሕመሟን ራሱን ቀልድ አድርጋ እንዳቀረበችው። አክስቴ በድንጋጤ «እናት የላትም የምትቆጣት?» አለች።

ይቺው አክስቴ ግን ያኔ የኮሜዲያኑን የአለባቸው ተካን «አለቤ ሾው» በቴሌቪዥን ስታይ፣ በአንድ ዓይኗ እየሳቀች በሌላው ታለቅስ ነበር። እዚያ የሚያስቀው ሌላ፣ የሚያስለቅሰው ሌላ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ሲሆኑ ነው የሚቸግረን። ታማሚ ሥራው ማቃሰት ነው፤ ካላቃሰተልን የጠየቅነው ጥየቃ የተቆጠረልን አይመስለንም።

የ2014ቱ ጦርነት አልፎ ወደየቤታችን ስንመለስ ግን እንዲህ አልነበርንም። በሩ ተነቅሎ የተወሰደበት ጎረቤታችን «ከእንግዲህ ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው አልቀየምም» ሲል መንደሩ በሳቅ አለቀ። «አይባልም» የሚል አልተገኘም፤ የተረፈው ማን ነበርና?

ሰሞኑን አጎቴ በምርኩዝ መሄድ ጀምሯል። ባለፈው ቡና ላይ አክስቴ ለእንግዶች ስታወጋ ደረስኩ። «ስኳር ይዛ መጣችላችኋ! እኔም፣ ለዘጠኙ ጣቶቹ ነው ወይ? አልኳት» ትላለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ጥግ የተቀመጠው አጎቴ ሲኒውን አስቀመጠ።

«ኧረ አንቺ» አላት። «እንዲህ አይባልም!»