ይህኛውስ ስንት ጥማድ ያስቀንሳል?

ዩኒቨርሲቲ የገባው የልጄ ልጅ ለእረፍት ወደ መንደራችን ወደ የጥኖራ መጥቶ፣ ገና ጠላዬን ሳልጨርስ «አባባ፣ ርዕዮተ ዓለምዎ ምንድን ነው?» አይለኝም! «ርዕዮቱን ተወውና ወገቤን እሸኝ» አልኩት።

እኔን ያላሉኝ ምን አለ? በጃንሆይ ጊዜ ባለርስት ነበርሁ፤ እሱስ የሚገባ ስም ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣና ቢቸና «ርስታችንን በቀላድ ለክተው ገባር ሊያደርጉን ነው» ብለው ተነሡ፤ ከሰማይ ቦምብ ወረደ። ክፉ ዘመን ነበር፤ የተጣላንበትን ቃል ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

በ1967 ዘማች ተማሪዎች መጡ። ጢም ያላበቀለ ልጅ «ጭቁን ገበሬ፣ አልነቃህም» ይለኛል፤ በሌሊት ለጥማድ የምነሣውን ሰው! ፊውዳሊዝም ተገረሰሰ ሲሉን የሰው ስም መስሎኝ ነፍስ ይማር ብያለሁ።

ቀጥሎ የአምራቾች ማኅበር መጣ፤ ደረጃዎቹም መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። መልባ መሬቱን ያጋራል፤ ወልባ በሬውንና ሞፈሩንም ይጨምራል። የኛዋ የጥኖራ ወልባ ገባች። ካድሬው «ሶሻሊዝም ማለት ያው ወንፈል ነው» አለን። የወንፈል በሬ እኮ ማታ ወደ ጌታው ደጅ ይገባል! የኔ በሬ ቦራ ግን ከማኅበሩ በረት ሆኖ ድምፄን ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል። እኔ ደግሞ አፍ አውጥቶ «ጓድ» እንዳይለኝ ፈርቼ ፊቴን አዞራለሁ። ድካማችን በነጥብ ይጻፍ ነበር፤ ነጥቡ ጎተራ አይሞላም እንጂ ብዙ ነበር።

በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። ቅይጥን ከእንጀራ አውቀዋለሁና ደስ አለኝ። ደስታዬም አልቆየ፤ በ1989 መሬት እንደገና ሲከፋፈል «አንተ ቢሮክራሲ ነህ» ተባልሁ። እኔ! ወንበር ላይ የተቀመጥሁት የሠርጌ ዕለት ነው። ጥፋቴ በወልባው ጊዜ የማኅበሩን መጋዘን ቁልፍ አንገቴ ላይ ማንጠልጠሌ ነበር። ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ሲፈቀድለት ለቢሮክራሲ ከዚያ እጅግ አንሶ ከአራት ጥማድ መሬት አያልፍም። ትርጉሙን ብጠይቅ «የፈረንጅ ቃል ነው» አሉኝ። የሄደው መሬት ግን የአባቴ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልማታዊ፣ ሞዴል፣ መደመር... የማዳበሪያውን ዋጋ የሚቀንስ ቃል ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ልጁ ሁሉንም ደብተሩ ላይ ሲጭር ቆየና «አባባ፣ እርስዎ ወግ አጥባቂ ነዎት» ብሎ ፈረደ።

ስሙስ ደኅና ነው፤ ስንት ጥማድ እንደሚያስቀንስ ብጠይቀው ዝም አለኝ።