የድግስ ፍራፍሬን መጠን ለመወሰን የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ተሰማማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ሩፋኤል፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ሸጎሌ የምትኖር፤ ድንኳን ተክለህ ልጅ የምትድር፣ የምታስመርቅ፣ ክርስትና የምታስነሳ፣ ልደት የምታከብር የጉለሌ ሰው ሆይ፦

ፍራፍሬ በድግሳችን ላይ ሲታይ እንጂ ሲበላ ባለመታየቱ፤

ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ተይዞ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚገባ የሕመምተኛ መጠየቂያ ሆኖ በመቅረቱ፣ ጤነኛ ጎልማሳ በሠርግ ላይ ብርቱካን ሲያነሳ «ምነው፣ አሞት ነው እንዴ?» እየተባለ በመታማቱ፤

ደጋሽም ይህን እያወቀ ቡፌው ባዶ እንዳይመስል በኪሎ ላይ ኪሎ ሲጨምር ከርሞ፣ በማግስቱ የጠቆረ ሙዝ ይዞ የጎረቤት በር ሲያንኳኳ በተደጋጋሚ በመያዙ፤

ፍራፍሬ በጠረጴዛ ርዝመት ሳይሆን በበላተኛ ቁጥር እንዲገዛ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ እኛ የጓዳና የድንኳን ሹማምንት የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሙዝ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። አናናስ ቅር ካለው ይግባኝ የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «እንግዳ» ማለት የተጠራ፣ ያልተጠራና የተጠራው ይዞት የመጣ ሰው ነው። መጥሪያው ላይ «ከነቤተሰብዎ» ተብሎ ከተጻፈ ቆጠራው የደጋሹ ዕዳ ይሆናል። «ልጅ» ማለት ራሱ ከጠረጴዛው በታች፣ እጁ ግን ከጠረጴዛው በላይ የሆነ ሰው ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ስሌት

ምሳ ለበላ ጎልማሳ እንግዳ ተልጦ የተቆረጠ 100 ግራም ፍራፍሬ ይመደብለታል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ሹማምንቱ ምክሩን በአክብሮት ተመልክተው፣ ዶሮ ወጥና ክትፎ ባለበት ድንኳን ሩቡን ብቻ ተቀብለዋል።

እንግዲህ ለ100 እንግዳ 10 ኪሎ ይበቃል ብሎ ወደ ገበያ የሚሮጥ ደጋሽ ይኖራል። ይመለስ። ሙዝ ሲሶው ልጣጭ ነው። ማንጎም ከነፍሬው ተመዝኖ ስለሚሸጥ የሚጣለው ጥቂት አይደለም። አናናስማ ዘውዱ ወርዶ ቆዳው ሲነሳለት ግማሹ ቢተርፍ ነው። ስለዚህ 15 ኪሎ ይገዛል፤ አናናስ የሚያበዛ ሰው ወደ 20 ይጠጋ። ከዚያ በላይ ያለው ኪሎ የሚገዛው ለፎቶ መሆኑ ታውቆ፣ ወጪው ከፎቶ አንሺው ሂሳብ ጋር ይያዝ።

ልጆች በዚህ ስሌት አይገዙም። በልደት ላይ ፈንዲሻውና ኬኩ ሳይመጣ በፊት የቀረበ ፍራፍሬ ያልቃል፤ ከኬኩ በኋላ የቀረበ ያድራል። ሙዝ ለልጅ በሙሉው አይሰጥም፤ አንዴ ገምጦ ሶፋ ሥር ስለሚያስቀምጠው ለሁለት ተቆርጦ ይሰጣል።

አንቀጽ 4። ስለ ነጭ ልብስ

ይህ አንቀጽ የሰፈራችንን ኢኮኖሚ ስለሚነካ በጥሞና ይነበብ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሸመነውን፣ ጥለቱ ዓይን የሚስብ ነጭ ቀሚስ የለበሰች እንግዳ ማንጎ አትልጥም። ማንጎ የሚልጥ ሰው አጠገብም አትቀመጥም። ሙዝ እንኳ ሲገነጠል የሚያወጣው ውሃ ጨርቅ ላይ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ሳሙናም አይፈታውም። በሙሉው ተከምሮ የቀረበ ፍራፍሬ የማይነካው እንግዳው ስለጠላው ሳይሆን ስለ ቀሚሱ ፈርቶ ነው።

በመሆኑም ማናቸውም ፍራፍሬ ተልጦ፣ በአንድ ጉርሻ ልክ ተቆርጦ፣ ስቴኪኒ ተሰክቶበት ይቀርባል። ሙዝ ቶሎ ስለሚጠቁር መጨረሻ ላይ ተቆርጦ ሎሚ ይረጭበታል። ሀብሀብ ውሃው እንዳይፈስ በጎድጓዳ ሳህን ይሁን። ሥራው የበዛበት ደጋሽ፣ መክተፊያ ይዘው ጓዳ የተሰለፉትን የዕድር እናቶች «እትዬ፣ እባክዎን» ብሎ ይጠይቅ፤ ትእዛዝ መስጠት ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው።

አንቀጽ 5። ስለ ግዢ

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ጃን ሜዳ ሲሰፍር፣ ለሰፈራችን ደጋሽ ገበያው ደጁ ድረስ መጣለት። ዘመኑ አጭር ነበር። ጃን ሜዳ የታቦት ማደሪያ ነውና የ2013ቱ ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ዛሬ የጉለሌ ሰው ከከተማዋ ሰሜን ጫፍ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ጫፍ ለብርቱካን የሚጓዝ መንገደኛ ነው። ለ15 ኪሎ ይህን ያህል መንገድ አያዋጣም፤ አዲሱ ገበያ ይገዛ። ሦስት ደጋሾች በአንድ ሳምንት ከገጠሙ ግን አንድ መኪና ይዘው በጋራ ይውረዱ።

ሙዝ ከአርባ ምንጭ የሚመጣው አረንጓዴ ሆኖ ነው፤ እዚህ መጋዘን ገብቶ ይበስላል። ለእሑድ ድግስ ዓርብ ዕለት ጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነውን መግዛት ይሻላል። ጥሬ አቮካዶ ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ቢጠቀለል ቶሎ ይለሰልሳል። አናናስና ሀብሀብ ግን አንዴ ከተቆረጡ ወዲያ ጣፋጭነት አይጨምሩም፤ «ቤት ይበስልልሃል» የሚል ሻጭ አይታመን።

ጉለሌ የራሷን ፍራፍሬ ለምን አታበቅልም የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ሙዝ የእንጦጦን ብርድ አይችልም። አፕል ይችላል፤ የጨንቻ ደጋ ሰዎች አፕል እያመረቱ ይሸጣሉ። እኛ ደጋ ላይ ተቀምጠን እስካሁን ያመረትነው በብዛት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ስቴኪኒ ይሆን እንደሆነ እንጂ አይበላም። የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሔክታር ቢሆንም ለጥናትና ለጥበቃ የተከለለ ነው፤ ለሠርግ ብሎ የሚለቅም አይገኝበት።

አንቀጽ 6። ስለ ጾም

ረቡዕና ዓርብ ለሚውል ምርቃት፣ ክትፎው ስለሚቀር የፍራፍሬው ድርሻ እጥፍ ይሆናል። በፍልሰታ በለስ ይታከልበት፤ ወቅቱ ነው። በረመዳን ለሚያፈጥር እንግዳ ቴምር ይቀድማል። ሆኖም ፍራፍሬ የጾም ነው ማለት ከሰዓቱ በፊት ይበላል ማለት ስላልሆነ፣ በጠዋት ሀብሀብ ከትፎ ጿሚ ፊት መደርደር ፈተና ውስጥ እንደማስገባት ተቆጥሮ ያስቀጣል።

አንቀጽ 7። ስለ ይሉኝታ

«አይ፣ በቃኝ፣ ጠግቤአለሁ» የሚል ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነገር እንደ ሰላምታ ይቆጠራል። ሁለተኛው እንደ ማመንታት ነው። አስተናጋጁ «በሞቴ» ብሎ ከገፋ በኋላ ሦስተኛው ቃል ብቻ ሕጋዊ ውጤት ይኖረዋል። ስሌቱ የሚሠራው ፍራፍሬው በእንግዳው መካከል እየዞረ ሲቀርብ ነው፤ ጥግ ላይ ባለ ጠረጴዛ ከተቀመጠ ሰው እያየው ማንም ተነሥቶ ስለማይሄድ፣ 15ቱ ኪሎ እንዳለ ያድራል።

አንቀጽ 8። ስለ ፌስታል

ለልጆቼ ብሎ ሳይላጥ የተረፈ ብርቱካን ቦርሳ ውስጥ የሚከት እንግዳ አይከሰስም። ከስድስት በላይ ከሆነ ግን ደጋሹን ተሰናብቶ መውጣት ይኖርበታል።

አንቀጽ 9። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ይህ አዋጅ ከመጽናቱ በፊት ለቡፌ ማድመቂያ ተገዝቶ፣ በውሰት ከድግስ ወደ ድግስ ሲዞር የኖረው አናናስ፣ አሁን በሚገኝበት ድንኳን አገልግሎቱ ያበቃል። ያለበትን የሚያውቅ ሰው ለዕድሩ ጸሐፊ ያመልክት። ዘውዱ ለአትክልተኛ ይሰጣል፤ ቀሪው አካል ማንም ሳይቀምሰው ይቀበራል።