ለዳግማዊ አፄ ኢያሱ፦ የልምድ ልውውጥ ስለመጠየቅ

ለግርማዊ ዳግማዊ አፄ ኢያሱ
ደብረ ፀሐይ ቁስቋም (አፅምዎ ያረፈበት የመስታወት ሳጥን)
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ለከተማችን ባለጸጎች ሥልጠና እንዲሰጡልን ስለመጠየቅ

ጃንሆይ፣

የአገርን ሀብት በአንድ እልፍኝ በመጨረስ ከእርስዎ የተሻለ ልምድ ያለው ሰው ጎንደር ውስጥ ስላጣን፣ ባለጸጎቻችንን እንዲያሠለጥኑልን በትሕትና እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው ርዕስ የእልፍኝ አሠራር ይሁን። ከሰምርኔስ በተሰደዱ ግሪኮች እጅ ግድግዳውን በዝሆን ጥርስ አስለብሰው፣ ከበላዩ በወርቅ ቅብ የተከበበ የቬኒስ መስታወት ሰቅለዋል። የወገራ ገብስና የደምቢያ ጤፍ እንዲህ ሲያበራ ማን አይቶ ያውቃል! ገበሬው እዚያ ክፍል ቢገባ ግብሩን ግድግዳ ላይ ያገኘው ነበር፤ ደግነቱ አይገባም።

ሁለተኛው ርዕስ የሒሳብ መዝጊያ ነው። በ1755 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ፣ እናትዎ እቴጌ ምንትዋብ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከጥቂት ዲናር በቀር እንዳላገኙ ይነገራል። ወታደር የሚያበላበት ያጣ ዙፋን ደግሞ ወታደር ላለው ሰው ያድራል፤ በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ልጅዎን አፄ ኢዮአስን አስገደሏቸው፣ ዘመነ መሳፍንትም ገባ። መስታወቱ ግን ያማረ ነበር።

የእኛዎቹ ባለጸጎች ግን በአንድ ነገር በልጠውዎታል፤ ይኸውም በውኃ ነው። የአንገረብን ግድብ ደለል ስለበላው ውኃ በፈረቃ ሆኗል። በገመድ የታሰሩ ቢጫ ጀሪካኖች ከሌሊት ጀምረው ተራ ይጠብቃሉ። ባለጸጋው ቦቴ ያስመጣል፣ ሮቶ ይደረድራል፣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ውኃ መጠጣቱ ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ስልኩ የሚነሳለት፣ ቢሮ ሲገባ ወንበር የሚለቀቅለት እሱ ነበር፤ ያልተጠማ ሰው ደግሞ አቤት አይልም። ቧንቧውም ሰሚ የሌለው የድኻ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

የሚገርመው፣ ከቧንቧው የወጣው ባለጸጋ ከዕድሩ አልወጣም። ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳውን የሚሸከምለት ያው ጀሪካን የሚጎትተው ጎረቤት መሆኑን ያውቃላ! ይህን ምዕራፍ እርስዎ ቢያብራሩት ይሻላል።

የውሎ አበልዎን በተመለከተ፦ ሠልጣኞቹ ለጋራ ጉዳይ ማዋጣት ስለማይወዱ፣ የተረፉዎትን ዲናሮች ይዘው እንዲመጡ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
ጀሪካን ተራ ላይ ያሉ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ዳኛ