ያቺን አቀብለኝ

ሰው ልጁን ስም ያወጣለታል፤ ጋራዥ ግን ለመፍቻው ቁጥር ነው የሚሰጠው። አርባ ምንጭ ሲቀላ ከአንዱ ጋራዥ ደጃፍ በርጩማ ስባችሁ ብታዳምጡ፣ «አሥርን አቀብለኝ!»፣ «አሥራ ሦስት የት ገባ?»፣ «አሥራ ሰባትን ማን ወሰደው?» ሲባል ትሰማላችሁ። የእስረኛ ቆጠራ ነው የሚመስለው።

ቁጥር የሚበቃው ግን በወጉ ለተቀመጠ ብሎን ነው። ሞተሪኖውን የሚያስረው ብሎን አንዳንዱ መኪና ላይ ተደብቆ ስለሚቀመጥ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ መፍቻ ተሠርቶለታል። የፍሬን ዘይት ቱቦ ዳዶ ለስላሳ ነው፤ ተራ መፍቻ ማዕዘኑን ይበላዋል። ለእሱ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ፣ ቱቦውን የሚያሳልፍበት ጠባብ በር ያለው መፍቻ አለ። የሞተር ሳይክል መሪ አንገት ላይ ያለው ክብ ዳዶ ደግሞ ጭራሽ ማዕዘን የለውም፤ የሚፈታው ጎድጎዱን በሚነክስ መንጠቆ ነው።

ፈረንጅ ለነዚህ ጉዶች ስም ሲያወጣ ዓይኑ ከእንስሳት አይርቅም። እጀታው ለብቻ የሚገጠምለትን «የቁራ እግር» ይለዋል፤ ሁለት ጫፉ ያበጠውን «የውሻ አጥንት»። ጣሊያን የቧንቧ ፒንሳውን «በቀቀን» ብሎታል። አሜሪካኖችም አፉ ጥርሳም የሆነውን በአዞ ዘመድ ሰይመውታል። ጫሞ ሐይቅ ዳር መጥተው አዞዎች የሚሰበሰቡበትን «የአዞ ገበያ» አይተው ቢሆን ኖሮ እጃቸውን ወደዚያ አፍ አያስጠጉም ነበር።

የቧንቧ መፍቻ ነገር ለብቻው ነው። ዳንኤል ስቲልሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1869 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት መፍቻ መንጋጋው ላላ ብሎ የተንጠለጠለ ነው፤ በገፉት ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል። በምንጭ ለተሰየመችና በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ለተከፈተባት ከተማ እንዲህ ያለው መፍቻ ባዳ ሊሆን አይችልም።

የሲቀላ መካኒክ ታዲያ ካታሎግ አገላብጦ አያዝዝም። አረንጓዴ ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚቸኩል ኢሱዙ ደጁ ቆሞ፣ ልዩ መፍቻ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሙዙ አይጠብቀውም። ስለዚህ አንድ ጤነኛ የ14 መፍቻ ይሠዋል። በእሳት ይግላል፤ በመዶሻ ይጎብጣል፤ አንገቱ ተቆርጦ በብየዳ ወደ ጎን ይዞራል፤ ጫፉ በሞላ ተስሎ ይሳሳል። ሲያልቅ አሥራ አራት ብሎ የሚጠራው የለም፤ ሌላ ስምም አይወጣለትም። ዋናው መካኒክ ከመኪናው ሥር ዘይት የጠጣ እጁን ብቻ አውጥቶ፣ «ያቺን!» ይላል።

«የትኛዋን፣ ጋሼ?» ያለ ረዳት ገና ጀማሪ ነው። ዝም ብሎ ልኳን ያቀበለ ሙያው ገብቶታል።

እኔ እንደሚገባኝ፣ ጠማማ መፍቻ ሁሉ የአንድ ቀና መሐንዲስ ዕዳ ነው። ብሎኑን ወረቀት ላይ ሲስለው እጅ፣ ክርን፣ ላብ የሚባል ነገር ትዝ አላለውም። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ መኪና የሚነድፍ መሐንዲስ ሁሉ ከመመረቁ በፊት ሲቀላ ይምጣ። በየካቲት ሐሩር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኢሱዙ ሥር በጀርባው ይተኛና ራሱ የደበቀውን ብሎን ይፍታ። የመጽሐፍ ስሙን እየጠራ መፍቻ ካዘዘ ፈተናውን ወድቋል። እጁን ብቻ አውጥቶ «ያቺን!» ካለ ግን ዲግሪው ይሰጠው።