ማን ከማን፣ ምን ከምን?

እሁድ ጠዋት ጣራችን ቢያፈስ መሰላል ልዋስ ጎረቤት ዘለቅኩ። ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። እማማ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ልጃቸው ወረቀት ይዞ አጠገባቸው ተንበርክኳል። «ና ልጄ፣ እንግሊዝኛ ታውቅ የለ? አንተ ፍረደን» አሉኝ።

ወረቀቱ ልጁ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የጻፈው ማመልከቻ ነው። ስለ እናቱ «ማይ ማዘር ላቭድ ኤጁኬሽን ሞር ዛን ሚ» ይላል። እህቱ ደግሞ «እናቴ ከእኔ አስበልጣ ትምህርትን ትወድ ነበር» ብላ ተርጉማላቸዋለች። እንጀራ ሸጠው ያሳደጉት እናት ይህን ሰምተው እንዴት አያለቅሱ! ልጁ ማለት የፈለገው ሌላ ነበር፤ እሱ ከትምህርት ቤት መቅረት ሲያምረው እየጎተቱ የሚወስዱት እሳቸው ነበሩና፣ ትምህርት በመውደድ እናቴ ትበልጠኝ ነበር ማለቱ ነው።

እህቱም አልተሳሳተችም። ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማል። ከ«ዛን» በኋላ የመጣው «ሚ» ወዳጁ ይሁን ተወዳጁ አይለይም። «ሚ»ን አውጥተን «አይ ዲድ» ስናስገባ፣ «እኔ ከምወደው በላይ» ሆነና ነገሩ ተቃና። እማማ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ቡናም ተቀራረበ። መሰላሉን ማን ያስታውስ!

ልጁ ማጥናት የሚፈልገው የአየር ንብረት ነው። ቡናው እስኪፈላ የቀረውን ስናይ፣ የአዲስ አበባ አየር «ኩለር ዛን ካርቱም» ነው ይላል። በአማርኛ «የአዲስ አበባ አየር ከካርቱም ይቀዘቅዛል» ብንል ማንም አይከፋውም። «ከየካርቱም» አንልምና፣ «ከ» ስትመጣ «የ» ትዋጣለች፤ የተዋጠችውን ግን ጆሯችን ያውቃታል። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ አየር፣ 400 ሜትር እንኳ ከማትሞላው ከካርቱም አየር ጋር እንጂ ከከተማዋ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ «ዛን ዛት ኦፍ ካርቱም» መባል አለበት።

ገጹን ስንገልጥ ራስ ደጀን መጣ። ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል ለማለት «ኤኒ ማውንቴን» ብሏል። ራስ ደጀን ራሱ የኢትዮጵያ ተራራ ነው፤ ከራሱ ሊረዝም አይችልም። «ኤኒ አዘር» ሲባል እሱ ከተወዳዳሪዎቹ ይወጣል። 5,895 ሜትር የሚረዝመው ኪሊማንጃሮ ግን የታንዛኒያ ነውና፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች ጋር ሲወዳደር «አዘር» አያስፈልገውም።

ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። «ቢግ፣ ቢገር፣ ቢገስት» ብለው መሸምደዱንስ ያውቁበታል፤ የሚጎድላቸው «ምን ከምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚያ ልጅ ያልኩትን ለሁሉም እላለሁ፤ «ዛን» ብለህ ስትጽፍ ቆም በል። ከወዲህ አየር ካለ ከወዲያም አየር ይኑር፤ ከወዲህ የሚወድ ሰው ካለ፣ ከወዲያ ያለው ሰው ይወድ ወይም ይወደድ እንደሆነ በግሡ አሳይ። ሁለት ቃል መጨመር ገጽ አያጣብብም፤ ሁለት ቃል መቆጠብ ግን እናት ያስለቅሳል።